ያልከፈሉ ተሳፋሪዎች፦ የጋቢና ትኋን፣ የካሶኒ ነቀዝና የይፋት መስመር ሂሳብ

በአዲስ አበባ - ደሴ መስመር አንድ የጭነት መኪና ሲነሳ በሰነዱ ላይ የሚሰፍሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው። የሰሌዳ ቁጥር፣ የሹፌሩ ስም፣ የኩንታሉ ብዛት፣ የጭነቱ ዋጋና የማስረከቢያው ቦታ ይጻፋል። በሰነዱ ላይ የማይሰፍሩ፣ ኪራይ የማይከፍሉ፣ ነገር ግን ከሻጩም፣ ከገዢውም፣ ከባለንብረቱም ኪስ ድርሻቸውን የሚያነሱ ተሳፋሪዎች ደግሞ አሉ። እነዚህም በጋቢናው ፍራሽ ውስጥ ያለው ትኋን፣ በክሩስኮቱ ሥር ያለው በረሮ፣ ሌሊት በመስኮት የሚገባው የወባ ትንኝ፣ እንዲሁም በካሶኒው ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀው ነቀዝ ናቸው።

ጉዳዩ ለገበያ ገጽ የማይመጥን ሊመስል ይችላል። ሆኖም በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው የይፋት ቆላ ማሾ፣ ማሽላና ሽንኩርት የሚገዙ ነጋዴዎች፣ መኪና የሚያገናኙ ደላሎችና በትራንስፖርት ላይ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ባለሀብቶች በየዓመቱ ለእነዚህ ተሳፋሪዎች ይከፍላሉ። ክፍያው በአንድ ደረሰኝ ስለማይመጣ ብቻ አይታወቅም። ከዚህም የከፋው እነሱን ለማጥፋት በሚደረገው ጥረት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወትም ሊጠፋ መቻሉ ነው። ይህ ጽሑፍ ተባዮቹ ከየት እንደሚመጡ፣ በምን እንደሚጠፉ፣ ምን መደረግ እንደሌለበትና ወጪውን ማን መሸፈን እንዳለበት ለማስረዳት ይሞክራል።

የእኛ አገር "የቤት መኪና"

በአውሮፓና በአሜሪካ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው የሽርሽር መኪና በብዛት ይታያል። እንዲህ ካሉ መኪኖች ጉንዳን፣ ዝንብ፣ በረሮና ትኋን ማስወጣት በዚያ ራሱን የቻለ የአገልግሎት ሥራ ሆኗል። በእኛ አገር የዚህ ዓይነት መኪና ብርቅ ነው። በመኪና ውስጥ የሚኖር ሰው ግን ብርቅ አይደለም። የረጅም መንገድ ሹፌርና ረዳቱ ከወሩ ሌሊቶች ብዙዎቹን የሚያሳልፉት በጋቢና ውስጥ ነው። ይተኙበታል፣ ይበሉበታል፣ ልብሳቸውን ያስቀምጡበታል፣ ጭነቱንም ይጠብቁበታል።

ከኢኮኖሚ አንጻር ሲታይ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሹፌሩ የመኝታ ወጪውን ይቆጥባል፣ ባለንብረቱ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሌሊት ጥበቃ ያገኛል። አልጋ ቤት በሌለበት ወይም ባነሰበት ከተማ ደግሞ ምርጫው ጠባብ ነው። ኤፌሶን በሚል ስሟም የምትታወቀው አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥቃትና ቃጠሎ በርካታ ቤቶቿንና የንግድ ተቋሞቿን ያጣች ከተማ መሆኗ ይታወሳል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ በኩል ለሚያልፍ ሹፌር ጋቢናው ሆቴሉ ቢሆን አያስገርምም።

ጋቢና ለተባይ የሚመች ቤት ነው። ጠባብ ነው፣ ሞቃት ነው፣ የምግብ ፍርፋሪ አያጣም፣ ብዙ ስንጥቅና ክፍተት አለው፣ በየሌሊቱም ደም ያለው ሰው ይተኛበታል። ዛሬ ደሴ፣ ነገ አዲስ አበባ፣ ከነገ ወዲያ ጅቡቲ ስለሚያድር ከየአገሩ ተባይ ይሰበስባል፣ ለየአገሩም ያከፋፍላል።

የይፋት መስመር ልዩ ባሕርይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። በጀውሃና በሰንበቴ አድርጎ አጣዬ ይደርስና በካራቆሬ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ይቀጥላል። በአንድ ቀን ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት የሚደረግ ጉዞ ነው።

በዚህ መስመር ላይ የሚሰማ አንድ እምነት አለ። "የጣርማ በር ብርድ ትኋኑን ይገድለዋል" ይባላል። ይህ ስህተት ነው። ትኋንን በብርድ ለመግደል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ ለበርካታ ቀናት ማቆየት ያስፈልጋል። የደብረ ብርሃን ውርጭ እንኳ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ብርዱ ትኋኑን የሚያደርገው ነገር ቢኖር እንቅስቃሴውን ማዘግየትና ያለ ምግብ የሚቆይበትን ጊዜ ማራዘም ነው። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀቱ ያነቃዋል። በመሆኑም የደጋው ጉዞ ለትኋኑ ዕረፍት እንጂ ቅጣት አይደለም ማለት ይቻላል።

የአካባቢው ዋነኛ የገንዘብ ሰብል ማሾ መሆኑም የራሱ ውጤት አለው። ማሾ በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረ ወዲህ በጥራት ደረጃ የሚሸጥ፣ ወደ ህንድና ወደ ሌሎች የእስያ አገሮች የሚላክ ምርት ሆኗል። የጥራት ደረጃ ባለበት ገበያ ደግሞ ነቀዝ የዋጋ ጉዳይ ነው።

እነማን ናቸው?

ማንን እንደሚያጠፋ ሳያውቅ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይበትናል። ስለዚህ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ትኋን፦ ሴቷ በቀን ከ1 እስከ 5 እንቁላል ትጥላለች። በሞቃት ቦታ እንቁላሉ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ጫጩቱ ለአካለ መጠን እስኪደርስ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፣ በየጊዜውም ደም መምጠጥ አለበት። አዋቂው ለወራት ያለ ምግብ ሊቆይ ስለሚችል መኪናውን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ማቆም አያጠፋውም። ትኋን በሽታ ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም። ጉዳቱ እንቅልፍ ማሳጣቱ ነው። ጣርማ በርን ለሚወርድ ሹፌር ግን እንቅልፍ ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም።

በረሮ፦ በጋቢና ውስጥ የሚኖረው ትንሹ ቡናማ በረሮ ነው። ሴቷ የምትሸከመው አንድ የእንቁላል ከረጢት ከ30 እስከ 40 የሚሆኑ ጫጩቶች ይወጡበታል። በክሩስኮቱ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ገመዶች አካባቢና በወንበር ሥር ይሸሸጋል። ምግብና ልብስ ያበላሻል፣ ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞችን በእግሩ ይዞ ይዞራል።

ቁንጫ፦ በግና ፍየል፣ ዶሮ ወይም ውሻ ከተጫነ በኋላ ይቀራል። ቁንጫ በኩብኩባነት ደረጃው በልባሱ ውስጥ ለወራት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚነቃው ንዝረትና የሰው ትንፋሽ ሲሰማው ነው። ባዶ የቆመ መኪና ሲነሳ ድንገት ቁንጫ የሚወረው በዚህ ምክንያት ነው።

የወባ ትንኝ፦ በጋቢና ውስጥ አይራባም፣ ሆኖም ለማደር ይገባል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ወባ ያለባቸው አካባቢዎች ናቸው፣ በተለይም ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ አሳሳቢ ነው። አደገኛው የወባ ዓይነት ከተነደፉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስለሚታይ፣ አጣዬ የተነደፈ ሹፌር የሚታመመው አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ "ቆላ አድሬ ነበር" ብሎ መንገር አለበት።

ነቀዝ፦ የማሾ ነቀዝና የማሽላ ነቀዝ የተለያዩ ናቸው። የማሾ ነቀዝ እንቁላሉን በፍሬው ቆዳ ላይ ያጣብቃል፣ ትሉ ወደ ውስጥ ሰርስሮ ይገባል፣ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አዋቂው ክብ ቀዳዳ ቀድዶ ይወጣል። የማሽላው ነቀዝ ደግሞ በአብዛኛው በማሾ ላይ አይራባም። ነገር ግን ትናንት ማሽላ ከጫነ ካሶኒ ወጥቶ በዛሬው ማሾ ጆንያ ላይ ከተገኘ፣ መርማሪው የሚመዘግበው "ሕይወት ያለው ነፍሳት ተገኝቷል" ብሎ ነው። የማን ነቀዝ እንደሆነ አይጠይቅም።

ከጋቢና እንዴት ይወጣሉ?

በብዙዎች ዘንድ የተለመደው ዘዴ ፍሊት ገዝቶ ጋቢናውን መንፋትና በር መዝጋት ነው። ይህ በረራ ላይ ያለውን ትንኝና ዝንብ ይገድላል። ለትኋንና ለበረሮ ግን ብዙም አይሠራም። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በስንጥቁ ውስጥ አይደርስም። ሁለተኛ፣ በዓለም ዙሪያ ትኋንና በረሮ በፍሊት ውስጥ የሚገኘውን ፓይሬትሮይድ የተባለውን የመድኃኒት ቤተሰብ መቋቋም ጀምረዋል። ሦስተኛ፣ እንቁላሉ በአብዛኛው አይሞትም።

ከዚህ የባሰው በፍራሹ ላይ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ መርጨት ነው። ትኋን ለማጥፋት ተብሎ መኪና የሚያቃጥል ዘዴ ነው። ለእርሻ የተዘጋጀ ማላታይንና መሰል መድኃኒት በጥብጦ በመኝታ ላይ መርጨትም እንዲሁ ሰውን የሚመርዝ ነው። የእርሻ መድኃኒት የተመዘገበው ለማሳ እንጂ ሰው ለሚተኛበት ፍራሽ አይደለም።

የሚሠራው አካሄድ ተራ ያለው ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ሥራ ማራገፍ ነው። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ መጋረጃው፣ የወንበር ልብሱና የወለል ምንጣፉ በሙሉ ይወጣል። ጨርቅ የሆነው ሁሉ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ያረጀና ስፖንጁ የተቀደደ ፍራሽ ማከም ትርፉ ድካም ስለሆነ በአዲስ መተካት፣ አዲሱንም ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ልባስ መሸፈን ይመረጣል። የወጣውን ፍራሽ በመንገድ ዳር መጣል ግን ትኋኑን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው።

ሁለተኛው ማጽዳት ነው። በጋራዥ በሚገኝ የአየር ማራገቢያ ወይም በአቧራ መምጠጫ እያንዳንዱ ስንጥቅ ይጸዳል። የወንበሩ ሥር፣ የአልጋው ብሎኖች፣ የጣሪያው ልባስ ጠርዝ አይረሳም። የትኋን ምልክት ጥቁር ነጠብጣብ፣ የበረሮ ምልክት ደግሞ የቡና ዱቄት የመሰለ ቅንጣት ነው። ምልክቱ በብዛት ያለበት ቦታ ዋናው መኖሪያ ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። እዚህ ላይ የይፋት ቆላ ፀሐይ ለሹፌሩ ነፃ ሀብት ነው። አዋቂ ትኋን በ48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ይሞታል፣ እንቁላሉም በዚሁ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ከቆየ ይጠፋል። ሙቀቱ 45 ከሆነ ግን ለእንቁላሉ ሰባት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በሞቃት ቀን መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ጋቢና አየሩ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ልብስና ቦርሳ በጥቁር ፕላስቲክ ታስሮ በክሩስኮቱ ላይ ቢቀመጥ ሙቀቱ በውስጡ ይዘልቃል። ወፍራም ፍራሽ ግን ከላይ ቢግልም መሐሉና ሥሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል፣ ትኋኑም ወደ ቀዝቃዛው ይሸሻል። ስለዚህ ፀሐይ ለትናንሽ ዕቃ እንጂ ለወፍራም ፍራሽ መተማመኛ አይሆንም። በጋቢናው ውስጥ የነበረ ፍሊትና ማንኛውም የሚፈነዳ ቆርቆሮ አስቀድሞ መውጣት አለበት።

አራተኛው ለበረሮ ማባበያ ነው። በመርፌ መሰል ዕቃ የሚመጣው ጄል በጥቂት በጥቂቱ በክሩስኮቱ ሥርና በስንጥቅ ውስጥ ይደረጋል። በረሮው በልቶት ወደ መደበቂያው ይመለሳል፣ የእሱን ሬሳና ኩስ የበሉትም ይሞታሉ። አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጄል በተደረገበት ቦታ ፍሊት መንፋት ማባበያውን ያስጠላዋል። ሁለት ገንዘብ አውጥቶ አንዱን በሌላው ማበላሸት ይሆናል።

አምስተኛው መደጋገም ነው። ዛሬ ያልሞተው እንቁላል ከሳምንት በኋላ ይፈለፈላል። በመሆኑም ሥራው ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ እንደገና መሠራት አለበት። ብዙ ሰው "መድኃኒቱ አልሠራም" የሚለው ሁለተኛውን ዙር ስለሚዘለው ነው።

ለወባ ትንኝ መፍትሔው መከላከል ነው። በመስኮቶቹ ልክ የተሰፋ መረብ ማድረግ፣ ወይም በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ቆርጦ በመኝታው ዙሪያ መስቀል ይቻላል። ትንኝ ጀምበር ከመጥለቋ ጀምሮ ስለሚገባ በሩ በዚያ ሰዓት ተከፍቶ መተው የለበትም።

ነቀዝና ገዳዩ እንክብል

የዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ማሳሰቢያ ከዚህ ላይ ነው። በገበያው ላይ "የነቀዝ መድኃኒት" ተብሎ የሚሸጠው ግራጫ እንክብል አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። የአየር እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል። አንድ 3 ግራም የሚመዝን እንክብል 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ነቀዙን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፣ ሰውንም የሚገድለው ይኸው ነው። መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒት የለውም።

ጭነቱ ላይ እንክብል በትኖ፣ ሸራ አልብሶ፣ ወዲያው መኪናውን ማስነሳት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ሂሳቡ ግን በሁለት በኩል ስህተት ነው።

በመጀመሪያ ለጭነቱ አይሠራም። ጋዙ ሥራውን ለመጨረስ እንደ ሙቀቱ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ አየር በማያስገባ ሸራ ሥር መቆየት አለበት። ከአጣዬ አዲስ አበባ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግን የአንድ ቀን ነው። በነፋስ በሚርገበገብ ሸራ ሥር የሚሞተው አዋቂው ነቀዝ ነው። እንቁላሉና በፍሬው ውስጥ ያለው ኩብኩባ ይተርፋል። ማሾው በማስረከቢያው ዕለት ንጹሕ ይመስላል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በገዢው መጋዘን ወይም በወደብ ላይ ነቀዙ ይወጣል። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሏል፣ ሻጩም ሂሳቡን ዘግቷል። ቀሪው ላኪው ነው። በዚህ ላይ በአነስተኛ መጠን የተረፈው ነቀዝ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል።

ሁለተኛውና ዋናው ሰዎቹ ናቸው። ጋዙ ከአየር በጥቂቱ ይከብዳል፣ በትንሽ ቀዳዳ ያልፋል። ጋቢናው ከካሶኒው የሚለየው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። መስኮት ዘግተው በጋቢናው የሚያድሩት ሹፌርና ረዳት፣ ወይም በሸራው ላይ የሚተኛ ጠባቂ፣ ጋዙን ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳሉ። ሽታው የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሽታ አልሸተተኝም ብሎ መተማመን አይቻልም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የደረት መጨናነቅና የትንፋሽ ማጠር ሲሰማ ወዲያው ከመኪናው ርቆ ንጹሕ አየር ወዳለበት መውጣትና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ምልክቱ እንደ ወባ ወይም እንደ ምግብ መመረዝ ሊታይ ስለሚችል "ጭነቱ ላይ እንክብል አለ" ብሎ ለሐኪሙ መናገር ሕይወት ያድናል።

ውሃም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ሥር ለተባይ ማጥፊያ የተቀመጠውን ይህንኑ መድኃኒት በውሃ ለማጠብ በተደረገ ሙከራ በተለቀቀው ጋዝ አራት ሕፃናት ሞተዋል። በእርጥብ ካሶኒ ወይም በዝናብ በበሰበሰ ሸራ ሥር እንክብል ማስቀመጥ የዚያው ዓይነት አደጋ ነው።

ስለሆነም ደንቡ አጭር መሆን አለበት። ነቀዝ የሚታጠነው በመጋዘን፣ በሠለጠነ ሰው፣ ከመጫን በፊት ነው። ከዚያ ተናፍሶ፣ የእንክብሉ አመድ ተወግዶ ይጫናል። እንክብል ያለበት ጭነት በያዘ መኪና ጋቢና ውስጥ ማንም ሰው አያድርም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ በገበያ ላይ እንዳይውል የሚከለክል ሲሆን፣ ሳይታሸግ በፌስታል ተቆጥሮ የሚሸጥ እንክብል መግዛትም ለገዢው ኪሳራ መሆኑ መታወቅ አለበት።

ካሶኒውስ?

ለካሶኒው የሚያስፈልገው መድኃኒት ከመጥረጊያ ይጀምራል። ያለፈው ጭነት ፍርፋሪ ከወለሉ ጣውላ ስንጥቅ፣ ከሸራው እጥፋትና ከአሮጌ ጆንያ ውስጥ መውጣት አለበት። የተጠረገው ቆሻሻ እዚያው ተጥሎ ሳይሆን ተቃጥሎ ወይም ተቀብሮ ነው የሚወገደው።

መጥረግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ትንሽ ስሌት እንሥራ። በስንጥቅ ውስጥ 10 ሴት የማሾ ነቀዞች ቀሩ እንበል። እያንዳንዷ ለአካለ መጠን የሚደርሱ 30 ልጆች ብትተው ከወር በኋላ 300 ይሆናሉ። ከእነዚህ ግማሹ ሴት ቢሆኑና በተመሳሳይ ሁኔታ ቢራቡ በሁለተኛው ወር 4,500 ይደርሳሉ። ዋጋ እስኪጨምር ብሎ ማሾ ለሁለት ወር የሚያስቀምጥ ነጋዴ ይህን ስሌት ከወለድ ስሌቱ ጎን ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የማሾ ነቀዝ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማሳው ስለሆነ ንጹሕ መኪና ብቻውን አይበቃም። ለማከማቸት አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ጥሩ አማራጭ ነው። አሜሪካ የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለአተር መሰል ጥራጥሬ የጀመረው ይህ ዘዴ በኢትዮጵያም በሥራ ላይ ውሏል። በውስጡ ያለው ኦክስጅን ሲያልቅ ነቀዙ ይታፈናል። እንክብል አይፈልግም፣ በአጠገቡም ሰው ሊተኛ ይችላል።

ሂሳቡን ማን ይክፈል?

የሚከተሉት ቁጥሮች ለአብነት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፣ አንባቢ የራሱን ቁጥር ይተካባቸው። 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና አንድ ቀን ሲቆም ባለንብረቱ 10,000 ብር ያጣል እንበል። ጋቢናውን በሚገባ ለማጽዳት አንድ ቀን መቆምና ለፍራሽ፣ ለመረብና ለጄል 7,000 ብር ያስፈልጋል እንበል። ድምሩ 17,000 ብር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ 34,000 ብር ይሆናል።

በሌላ በኩል ሹፌሩ በወባ ታሞ መኪናው 5 ቀን ቢቆም ኪሳራው 50,000 ብር ነው። ነቀዝ በመገኘቱ በኩንታል 100 ብር ብቻ ቢቀነስ በ400 ኩንታል 40,000 ብር ይሄዳል። ስለዚህ በዓመት አንዱን ጉዳት ብቻ ማስቀረት የመከላከሉን ወጪ ይመልሳል። እንቅልፍ ባጣ ሹፌር የሚደርሰው አደጋ ወይም የሰው ሕይወት በዚህ ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

ታዲያ ትርፉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን አይደረግም? መልሱ ወጪው የሚወጣበት ኪስና ጥቅሙ የሚገባበት ኪስ የተለያዩ በመሆናቸው ነው። የሚነከሰው ሹፌሩ ነው፣ ፍራሹን የሚገዛው ባለንብረቱ ነው፣ ዋጋ የሚቀነስበት ነጋዴው ነው፣ መኪናውን የሚመርጠው ደግሞ ደላላው ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህን ዓይነቱን ለሌላው የሚተላለፍ ወጪ "ውጫዊ ጉዳት" ይሉታል። መድኃኒቱም ወጪውን ወደ ውሉ ውስጥ ማስገባት ነው።

በተግባር ሦስት መስመር ይበቃል። አንደኛ፣ በማጓጓዣ ውሉ ላይ "ካሶኒው ተጠርጎ፣ ሸራው ተራግፎ ቀርቧል" የሚል ሐረግ ገብቶ ከመጫን በፊት በሁለቱም ወገን ይፈረም። ሁለተኛ፣ ጭነቱ ታጥኖ ከሆነ መቼ፣ በምንና በማን እንደታጠነ እንዲሁም እንደተናፈሰ የሚገልጽ ወረቀት ከሹፌሩ ጋር ይሂድ። ሦስተኛ፣ መኪናው ላይ እንክብል ካለ የሹፌርና የረዳት የአልጋ ወጪ በጫኙ ይሸፈን። ሦስተኛው ሲጻፍ፣ በመንገድ ላይ ማጠን ርካሽ መሆኑ ያበቃል።

ትንኝም ጭነት ነው

መኪናና መርከብ ነፍሳት በማመላለስ ያደረሱት ጉዳት በሌላው ዓለም በሚገባ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1930 አንድ የአፍሪካ የወባ ትንኝ በብራዚሏ ናታል ከተማ ተገኘ። ከዳካር በመጣ መርከብ ሳይገባ እንዳልቀረ ይታመናል። በ1938 ከፍተኛ ወረርሽኝ አስከተለ። እስከ 1940 ድረስ ሊጠፋ የቻለው ከተወረረው አካባቢ የሚወጡ ተሽከርካሪዎችን አቁሞ ማጠንን በጨመረ ዘመቻ ነው። በኋላ በሙዚየም የተቀመጡ ናሙናዎች ሲመረመሩ ትንኙ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ ማለትም በአገራችን ወባን በዋናነት የሚያስተላልፈው ዝርያ ሆኖ ተገኝቷል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ነው። ይህ የእስያ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ታየ። በ2018 በተደረገ ቅኝት ሰመራን፣ ገዋኔን፣ አዋሽ ሰባትንና ከኮምቦልቻ ብዙም የማትርቀውን ባቲን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች ተገኘ። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት መሆኑን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የሚራባው በበርሜል፣ በውሃ ማጠራቀሚያና በአሮጌ ጎማ ውስጥ በቆመ ውሃ ነው። የወደቡ መንገድ መኪኖች ደግሞ ትርፍ ጎማና ጀሪካን ይዘው ነው የሚጓዙት። ትርፍ ጎማን ገልብጦ ውሃውን ማፍሰስ፣ በሸራ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ማራገፍ፣ ጀሪካንን መክደን ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

የማሾ መሰብሰቢያ ወቅት ከወባው ወቅት ጋር ይገጣጠማል። በዚያን ጊዜ የመኪና እጥረት ስለሚኖር የተገኘው መኪና ሁሉ ይጫናል፣ ማንም ካሶኒ አያይም። ስለዚህ መኪናውን የማዘጋጃው ጊዜ ጭነት በሚቀዘቅዝበት በክረምቱ ወራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጸዳ ጋቢና፣ የተጠረገ ካሶኒና የተሰፋ መረብ ያለው መኪና በጥቅምትና በኅዳር ለባለንብረቱ የተሻለ ጭነት ያስገኝለታል። መኪና የሚያገናኝ ደላላም ከታሪፍና ከኩንታል ሌላ "ምን ጭኖ ነበር? ሹፌሩስ የት ያድራል?" የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ቢጨምር ደንበኛውን ከቅናሽ፣ ሹፌሩንም ከሞት ያድናል።